ፓውል ኤርሊክ፦ ቂጥኝን ያለ ሐፍረት የተጋፈጠ ሐኪም

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ወባ ሲይዘን እንናገራለን፤ ሆዳችንን ሲቆርጠን እንናገራለን፤ ጥርሳችንን ሲያመን ጎረቤት እስኪሰማ እንጮኻለን። የአባለ ዘር በሽታ ሲሆን ግን አባባሉም ይረሳል፣ አፍም ይዘጋል። ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ የሚሉት ስሞች በስድብና በሹክሹክታ እንጂ በክፍል ውስጥ ሲጠሩ እምብዛም አይሰማም። ታዲያ ነገ ጠመኔ ይዘን ልጆች ፊት የምንቆመው እኛ ካልጠራናቸው ማን ይጥራቸው?

በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን የማቀርብላችሁ ሰው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ፓውል ኤርሊክ ይባላል። ጀርመናዊ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያፍርበትን ቂጥኝን እንደማንኛውም በሽታ ቆጥሮ፣ ላቦራቶሪ አስገብቶ፣ መድኃኒት ያስገኘለት እሱ ነው። በሥራውም ተመስግኗል፤ በሥራውም ተከሷል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች በሙሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ፓውል ኤርሊክ የተወለደው መጋቢት 14 ቀን 1854 ሽትሬለን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ቤተሰቦቹ አይሁዶች ናቸው። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ቤት የነበረውና መጠጥ የሚያወጣ ሰው ነበር። ልጁ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ብሬስላው ወደተባለው ትልቅ ከተማ ለትምህርት ተላከ።

በትምህርት ቤት ሒሳብና ላቲን ይወድ ነበር። ድርሰት መጻፍ ግን አይሆንለትም። አንድ ጊዜ ሕይወት ሕልም ነው በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ ሕይወት ማለት በሰውነት ውስጥ የሚካሄድ ቃጠሎ ነው፣ ሕልምም የአንጎል ቃጠሎ ነው ብሎ ስለ ኬሚስትሪ ጻፈና ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጠው ይባላል። እኛ እጩ መምህራን ይህቺን ነገር ልብ ብንላት መልካም ነው። ከርእሱ የወጣ የመሰለን ተማሪ አንዳንዴ ወደ ሌላ ርእስ እየሄደ ይሆናል።

በዚያው በብሬስላው ትምህርት ቤት አልበርት ናይሰር የሚባል ልጅ አብሮት ይማር ነበር። ይህ ልጅ አድጎ ሐኪም ሆነና በ1879 ጨብጥን የሚያመጣውን ባክቴሪያ አገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ አንዱ የጨብጥን ምንጭ ያወቀ፣ ሌላው የቂጥኝን መድኃኒት ያስገኘ፣ ሁለቱም ከአንድ ትምህርት ቤት ወጡ።

ኤርሊክ ሕክምናን በብሬስላው፣ በስትራስቡርግ፣ በፍራይቡርግና በላይፕዚግ ተማረ። ካርል ቫይገርት የሚባል የአጎት ልጅ ነበረው፤ እሱም ሐኪም ነው። ቫይገርት የሰውነትን ሥጋ ሥሥ አድርጎ ቆርጦ በጨርቅ ማቅለሚያ እያቀለመ በማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። ኤርሊክ ይህን ካየ በኋላ ሌላ ነገር አልታየውም። ስትራስቡርግ ሲማር ጠረጴዛው በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ቀለም ተጥለቅልቆ ይታይ ነበር። በ1878 የዶክተርነት ዲግሪውን ያገኘበት ጽሑፍም ስለዚሁ ስለማቅለም የተጻፈ ነው።

ለምን ቀለም? ነገሩ እንዲህ ነው። ዱንጉዛ የሚሠሩ ሸማኔዎች እንደሚያውቁት ሁሉም ክር ሁሉንም ቀለም እኩል አይቀበልም። አንዱ ክር ይጠጣዋል፤ ሌላው ታጥቦ ይለቀዋል። የሰውነታችን ሴሎችም ልክ እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ቀለም የነርቭን ሴል ይይዛል፣ አጠገቡ ያለውን ይተወዋል። ሌላው ቀለም ተሐዋስያኑን ብቻ ያቀልምና የሰውየውን ሥጋ ሳይነካ ያልፋል። ኤርሊክ ከዚህ ተነሥቶ ነው የዕድሜ ልክ ጥያቄውን ያገኘው። ቀለም ተሐዋስያኑን ለይቶ መያዝ ከቻለ፣ መርዝስ ለይቶ ተሐዋስያኑን ብቻ መግደል ለምን አይችልም?

ከቀለም ወደ መድኃኒት

ትምህርቱን ጨርሶ በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ተቀጠረ። መጋቢት 1882 ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲያስታውቅ ኤርሊክ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። ወዲያውኑ ባክቴሪያውን በተሻለ መንገድ የሚያቀልም ዘዴ ፈለገና ተሳካለት። የሚያሳዝነው ግን በዚያው ዘዴ በ1888 የገዛ አክታውን ሲመረምር የነቀርሳውን ባክቴሪያ አገኘው። ከባለቤቱ ከሄድቪግ ጋር ወደ ግብፅ ሄዶ፣ በዚያ ደረቅ አየር አርፎ፣ ድኖ ተመለሰ።

ሰውየው ታሞ ያውቃል ማለት ነው። ያውም ሰዎች የሚሸሹት በሽታ ታሞ።

ከዚያ በኋላ ከኮኽና ከኤሚል ፎን ቤሪንግ ጋር ሠርቷል። በዚያን ጊዜ ሕፃናትን እየቀጠፈ ለነበረው ለዲፍቴሪያ የተዘጋጀው ሴረም መጠኑ በትክክል እንዲለካ ያደረገው ኤርሊክ ነው። በ1899 ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ የምርምር ተቋም ተሰጠው። በ1906 ደግሞ ፍራንሲስካ ሽፓየር የተባለች ባለጸጋ በሟች ባሏ በጌዮርግ ሽፓየር ስም ሌላ የምርምር ቤት አሠራችለት። ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ባደረገው ጥናት በ1908 ከሩሲያዊው ኢልያ ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

አመሉን የሚያውቁ ሰዎች ሲያወሩለት በቀን እስከ 25 ሲጋር ያጨስ ነበር ይላሉ። ይኼ እንኳ ምሳሌ የሚሆን አይደለም። ለረዳቶቹ የየቀኑን ሥራ በባለ ቀለም ወረቀት ላይ እየጻፈ ያድል ነበር። ለምርምር አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ ብሎ ያምን ነበር፦ ትዕግሥት፣ የእጅ ሙያ፣ ዕድልና ገንዘብ። አራቱም እንዴት እንደተገናኙለት አሁን እናያለን።

ቁጥር 606

ከኤርሊክ በፊት የቂጥኝ ሕመምተኛ ዕጣ ምን ነበር? በኤውሮጳ ዋናው ሕክምና ባዜቃ ማለትም ሜርኩሪ ነበር። ሰውነቱ ላይ ይቀቡታል፣ በጭሱ ያጥኑታል፣ ያስውጡታል። ባዜቃ ደግሞ መርዝ ነው፤ የሕመምተኛው ምራቅ ይዝረከረካል፣ ድዱ ይቆስላል፣ ጥርሱ ይረግፋል። በኛም አገር ቂጥኝ የቆየ በሽታ ነው። ሰው የባሕል መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ የቻለ ደግሞ ፍልውሃ እየሄደ ይታጠብ ነበር። ውሃው ቁስሉን ያጸዳ ይሆናል፤ በደም ውስጥ የገባውን ተሐዋስያን ግን ፍልውሃ አያገኘውም።

በሽታውን ሰው እንዳያውቀው የሚያደርገው አካሄዱ ነው። ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ ብዙ ጊዜ በሦስት ሳምንት ገደማ በአባለ ዘር ላይ ወይም በአፍ አካባቢ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ አያምም። ምንም ሳይደረግለትም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይድናል። ሰውየው ዳንኩ ይላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሰውነቱ ላይ፣ በመዳፉና በውስጥ እግሩ ሳይቀር፣ ሽፍታ ይወጣል፤ እሱም ይጠፋል። አሁንም ዳንኩ ይላል። ተሐዋስያኑ ግን ተኝቶ ይቆይና ከብዙ ዓመታት በኋላ ልብን፣ ደም ሥርን፣ አንጎልን፣ ዓይንን ሊያበላሽ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ፅንሱን ያጨናግፋል፣ ልጁ ሞቶ እንዲወለድ ወይም በሽታውን ይዞ እንዲወለድ ያደርጋል።

በ1905 ፍሪትስ ሻውዲንና ኤሪክ ሆፍማን የቂጥኝን ተሐዋስያን አገኙት። እንደ ጠመዝማዛ ክር ቀጭን ነው። በ1906 አውጉስት ፎን ቫሰርማን ቁስልና ሽፍታ ባይታይም ቂጥኝ መኖሩን ከደም የሚለይ ምርመራ አወጣ። ጠላት ታወቀ፣ መደበቂያውም ታወቀ፤ የሚቀረው መሣሪያው ነው።

ኤርሊክ በዚህ ጊዜ የእንቅልፍ በሽታን ለማዳን የአርሴኒክ ቅመሞችን እየሞከረ ነበር። አርሴኒክ መርዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። አቶክሲል የሚባል የአርሴኒክ ቅመም ነበረ፤ የእንቅልፍ በሽታን ያስታግሣል፣ ነገር ግን የሕመምተኛውን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ኤርሊክና ኬሚስቱ አልፍሬድ በርትሃይም የአቶክሲልን አሠራር በትክክል ካወቁ በኋላ ጥቂት ጥቂት እየለወጡ ብዙ መቶ ቅመሞችን ሠሩ። እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት በእንስሳት ላይ ይሞከራል፤ ውጤቱ በመዝገብ ይጻፋል። ከነዚህ ውስጥ በ1907 የተሠራው ቁጥር 606 አንዱ ነው። ቀድሞ የሞከሩት ረዳቶች የማይረባ ነው ብለው ወደ ጎን ተዉት።

በ1909 ሳሃቺሮ ሃታ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ከቶኪዮ መጣ። ሃታ ጥንቸሎችን በቂጥኝ ተሐዋስያን አሲዞ የመመርመር ሙያ ነበረው። ኤርሊክም የተጣሉትን ጭምር አንድ በአንድ እንደገና እንዲሞክር አዘዘው። ሃታ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። 606 ላይ ሲደርስ በአካሉ ላይ የቂጥኝ ቁስል የነበረበትን ጥንቸል ወጋው። በማግሥቱ ከቁስሉ በተወሰደው ናሙና ሕይወት ያለው ተሐዋስያን አልተገኘም፤ ቁስሉም በሳምንታት ውስጥ ዳነ። ወሩ ነሐሴ 1909 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አፍታ ቆም እንበል። መድኃኒቱ ሁለት ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር እኮ! ያልረባው ቅመሙ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ኤርሊክ ሌላ ሰው የዘጋውን መዝገብ መልሶ ባያስከፍት ኖሮ 606 ቁጥር ሆኖ በቀረ ነበር።

ምስጋናና ክስ

ሚያዝያ 1910 ኤርሊክና ሃታ በቪስባደን ከተማ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ውጤቱን አስታወቁ። ወሬው በዓለም ተሰማ። ሐኪሞች ከየአገሩ መድኃኒቱን ፈልገው ፍራንክፈርት ድረስ መጡ። ኤርሊክ ግን ወዲያው ለሽያጭ አላቀረበውም። ወደ 65,000 የሚሆን መጠን ለሐኪሞች በነፃ አድሎ፣ እያንዳንዱ ሐኪም ያየውን ውጤት፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ጽፎ እንዲልክለት ጠየቀ። በ1910 መጨረሻ ሄክስት የተባለው ፋብሪካ ሳልቫርሳን በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

መድኃኒቱ ቀላል አልነበረም። ዱቄቱ አየር ከነካው ስለሚበላሽ በታሸገ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሐኪሙ በንጹሕ ውሃ በጥንቃቄ አሟሙቶ መውጋት አለበት። በትክክል ካልተዘጋጀ ጉዳት ያደርሳል። የተጎዱ አሉ፤ የሞቱም አሉ። ሕክምናውም አንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ብዙ ወራት መመላለስ ይጠይቃል። ኤርሊክ ይህን አልሸሸገም። የደረሰውን ጉዳት ሁሉ መረመረ፣ ዘዴውን አሻሻለ፣ በ1912 ደግሞ ለአሠራር የሚቀለውን ቁጥር 914ን፣ ኒዮሳልቫርሳንን፣ አወጣ።

ጠላት ግን አላጣም። ቂጥኝ የብልግና ቅጣት ስለሆነ መድኃኒት ቢገኝለት ብልግና ይስፋፋል የሚሉ ሰዎች ነበሩ። አባባሉ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ዛሬም ስለ ኮንዶም ወይም ስለ አባለ ዘር ትምህርት ሲነሣ ያንኑ የሚል አይጠፋም። ግን እስቲ እናስብ፤ ባሏ ይዞላት የመጣው በሽታ ያገኛት ሚስት ብልግናዋ ምኑ ላይ ነው? በሽታውን ይዞ የተወለደው ሕፃንስ ምን አጠፋ?

ሌላው ክስ ከበድ ይላል። ካርል ቫስማን የሚባል ጋዜጣ አዘጋጅ በፍራንክፈርት ሆስፒታል ውስጥ ሴተኛ አዳሪዎች በግድ ሳልቫርሳን እየተወጉ መሞከሪያ ሆነዋል ብሎ ጻፈ። ነገሩ በ1914 በጀርመን ምክር ቤት ሳይቀር ተነሣ። በሰኔ ወር ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን መርምሮ ቫስማን ስም አጥፍቷል በማለት የአንድ ዓመት እሥራት ፈረደበት። ኤርሊክም ለምስክርነት ቀርቦ ነበር። ሆኖም ነገሩ አንድ ሊታሰብበት የሚገባ ጥያቄ ትቶ አልፏል። በበሽታው የሚታፈርባቸው ሰዎች፣ ይልቁንም ድሆችና ሴቶች፣ ሲታከሙ ፈቃዳቸው በእርግጥ ይጠየቃል ወይ? ዛሬ የሕክምና ሥነ ምግባር የታካሚው ፈቃድና ምሥጢር እንዲጠበቅ ያዛል። ሰው ምሥጢሬ ይወጣል፣ እገደዳለሁ ብሎ ከፈራ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣምና ይኼ ለመከላከሉም ዋና ነገር ነው።

በዚያው በ1914 በጋ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ኤርሊክ ሰውነቱ ደክሞ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን 1915 ባድ ሆምቡርግ በተባለች ከተማ በ61 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ፤ ፍራንክፈርት በሚገኘው የአይሁድ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ኤርሊክ አይሁድ ነበር ተብሎ ስሙ እንዲረሳ ተደረገ፤ በፍራንክፈርት በስሙ የተሰየመው መንገድም ስሙ ተነሣ። ባለቤቱ ሄድቪግ ከአገሯ ተሰዳ ወደ ስዊትዘርላንድ፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በ1948 በዚያው ሞተች። ከጦርነቱ በኋላ ስሙ ተመለሰ። ዛሬ በጀርመን አገር ክትባቶችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት ተቋም የሚጠራው በፓውል ኤርሊክ ስም ነው።

ከእሱ በኋላ የመጣው

ሳልቫርሳን ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ አገልግሎ ቦታውን ለፔኒሲሊን ለቀቀ። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። በ1943 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ማሆኒ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አራት የቂጥኝ ሕመምተኞችን በፔኒሲሊን አከመ፤ ዳኑም። ዛሬም ለቂጥኝ የመጀመሪያው መድኃኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። በጊዜ ለተደረሰበት አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል፤ ለቆየ ቂጥኝ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይወጋል። ሳልቫርሳን በብዙ ወራት የሚታገለውን ፔኒሲሊን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ይሁን እንጂ በሽታው ቀድሞ ያበላሸውን ልብ ወይም ዓይን መርፌው አይመልሰውም። የዳነ ሰውም እንደገና ሊያዝ ይችላል።

መድኃኒቱ እንዲህ ከቀለለ ታዲያ በሽታው ለምን አልጠፋም? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬም በዓለም ላይ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሊድን በሚችል የአባለ ዘር በሽታ ይያዛሉ። ሊድን በሚችል ነው እያልን ያለነው። የመድኃኒት እጥረት ያለበት ቦታ አለ፤ እውነት ነው። ሐፍረትና ዝምታ ግን የሌሉበት ቦታ የለም።

ለእኛ ምን ይተርፈናል

እኔ የመጣሁት ከሁምቦ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ጠበላን አቋርጦ ያልፋል፤ መንገደኛው፣ ሾፌሩ፣ ነጋዴው ብዙ ነው። ከወላይታ ወጣቱ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ እርሻ ቦታዎች ይሄዳል። ለጊፋታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልብስ ይዞ ይመጣል፣ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ሳያውቀው በሽታም ይዞ ይመጣል። ይህ የሁምቦ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ መንገድና ገበያ ያለበት አገር ሁሉ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወደየቀበሌው ትምህርት ቤት ስንመደብ ቢያንስ የሚከተለውን በትክክል ማወቅና ማስተማር ይገባናል።

አንደኛ፣ ምንጩን እንወቅ። ጨብጥ ፀሐይ ላይ በመሽናት ወይም ትኩስ ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ይመጣል የሚሉ አሉ። አይመጣም። ጨብጥ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ እናትም ስትወልድ ወደ ሕፃኑ ዓይን ልታስተላልፈው ትችላለች። ወንድ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግልም ይወጣዋል። ብዙ ሴቶች ግን ምንም አይሰማቸውም። ክላሚዲያ የሚባለውም እንደዚሁ ዝምተኛ ነው። ሁለቱም ሳይታከሙ ከቆዩ መካንነት ሊያስከትሉ ይችላሉ። ስለዚህ ምልክት የለኝምና ጤነኛ ነኝ ማለት አያዋጣም።

ሁለተኛ፣ መከላከያውን እንወቅ። እርግጠኛው መንገድ ጊዜው እስኪደርስ መታቀብ ነው። ከዚያም ሁለቱም ተመርምረው አንድ ለአንድ መወሰን ነው። ይህ ካልሆነ ኮንዶም በትክክል፣ ሁልጊዜም፣ መጠቀም ነው። አንድ ቀን ተጠቅሞ አንድ ቀን መተው መከላከል አይባልም። ቂጥኝ በኮንዶም ካልተሸፈነ ቁስልም ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ቁስል የታየበት ሰው ታክሞ እስኪድን ድረስ ከግንኙነት መቆጠብ አለበት።

ሦስተኛ፣ ሕክምናው የጤና ጣቢያ እንጂ የሱቅ አይደለም። ከጓደኛ የተረፈ ክኒን መዋጥ፣ ግማሹን ውጦ ሲሻል መተው፣ ተሐዋስያኑን መድኃኒት ማለማመድ ነው። የጨብጥ ባክቴሪያ ከዚህ ቀደም ይገድሉት የነበሩትን ብዙ መድኃኒቶች ለምዷቸዋል። በተጨማሪ ብቻውን የታከመ ሰው ግማሽ ታካሚ ነው። ባል ታክሞ ሚስት ካልታከመች፣ ወይም ሚስት ታክማ ባል ከቀረ፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱም አብረው መታከም አለባቸው።

አራተኛ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ በእርግዝና ክትትል ጊዜ የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራ ታድርግ። ቂጥኙ በጊዜ ከታወቀ በመርፌ እናቲቱም ፅንሱም ይተርፋሉ። ይህን ለተማሪዎቻችን ብቻ ሳይሆን በወላጆች ስብሰባም ላይ መናገር እንችላለን። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉና ከእነሱ ጋር አብረን እንሥራ።

አምስተኛ፣ ለሁሉም መድኃኒት የለውም። ኤች አይ ቪ አይድንም፤ ነገር ግን በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት ሰው ጤነኛ ሆኖ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። የአባለ ዘር ቁስል ያለበት ሰው ለኤች አይ ቪ ይበልጥ ይጋለጣልና አንዱን ማከም ሌላውን መከላከል ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ ክትባት አለው። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውም ቫይረስ እንዲሁ። ለእሱ ልጃገረዶችን መከተብ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2018 ሲሆን፣ የተጀመረውም በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። ክትባቱ በብዛት የሚሰጠው በትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ ወላጅ ተጠራጥሮ ልጁን ሲያስቀር የሚያስረዳው ማን ነው? መምህሩ ነው። መምህሩ ራሱ ካላወቀ ምን ብሎ ያስረዳል?

ኤርሊክ ላቦራቶሪው፣ ረዳቶቹና ገንዘቡ ነበሩት። እኛ ይህ ሁሉ የለንም። መድኃኒቱን የመፈለግ ሥራ ግን ተሠርቶ አልቋል። ለኛ የቀረው ቀላሉ ሥራ ነው፤ ቀላል ቢሆንም ግን የሚሠራው ጠፍቶ የኖረ ሥራ። የበሽታውን ስም በክፍል ውስጥ ሳንስቅና ሳናፍር መጥራት፣ ተማሪው ሲጠይቅ አለመቆጣት፣ ታምሜያለሁ ብሎ ቢነግረን ምሥጢሩን ጠብቀን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። አንድ ልጅ እኛን አምኖ ቢናገርና በጊዜ ቢታከም፣ ያ ልጅ፣ ነገ የሚያገባት ሚስቱና የሚወልዱት ሕፃን ሦስቱም ተረፉ ማለት ነው።

በሥነ ሕይወት ትምህርት ዝግጅታችሁ ላይ ይህ ምዕራፍ ሲደርስ ዘላችሁ እንዳታልፉት አደራ። መምህሮቻችንም በልምምድ ትምህርት ጊዜ ይህን ርእስ የሚያስተምር እጩ መምህር ቢመድቡልን ሁላችንም እንጠቀማለን።